አሮጌ የእጅ ሥራ ስጋጃ ለቤት ጌጥና ለንግድ ያለው ዋጋ

በኢትዮጵያ ቤትን ማሳመር እንግዳን የማክበር አንዱ ክፍል ሆኖ የኖረ ልማድ ነው። ቡና ሲፈላ ቄጠማ መጎዝጎዙ፣ ለተከበረ ሰው በመደቡ ላይ ምንጣፍ መነጠፉ፣ በደጋው አገርም ባናው ከተቀመጠበት ወጥቶ መዘርጋቱ ይህንኑ ያስረዳል። ዛሬ በከተማ የሚሠራው ቤት በመደብ ፈንታ ሶፋ፣ በአፈር ወለል ፈንታ ሴራሚክና ቴራዞ ይዟል። ይሁን እንጂ የተወለወለው ወለል ቢያምርም ቀዝቃዛ ነውና በላዩ የሚነጠፍ ነገር መፈለጉ አልቀረም። ይህን ፍላጎት የሚያሟላው ዕቃ ምን ዐይነት ሊሆን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ የቤት እመቤትን ብቻ ሳይሆን አስመጪውን፣ ባለሱቁን፣ የሆቴል ባለቤቱንና ሸማኔውን ጭምር የሚመለከት የንግድ ጉዳይ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በየሱቁ በብዛት የሚታየው በፋብሪካ መኪና የተሠራና አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር የተገኘ ምንጣፍ ነው። በቱርክ አገር የጋዚአንቴፕ ከተማ በዚህ ኢንዱስትሪ ስሟ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ዕቃው ርካሽ፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ለማጠብም የማያስቸግር በመሆኑ ገቢው መጠነኛ የሆነውን ሰው ጠቅሟልና የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ይኸውም አዲሱ ምንጣፍ በፊት በር ሲገባ፣ አያቶች በጥንቃቄ ያቆዩት የእጅ ሥራ የሱፍ ስጋጃ በጓሮ በር ወጥቶ በዕቃ ቤት ጥግ ተጠቅልሎ ብል ሲበላው፣ ወይም ለቆራሌው በማይረባ ዋጋ ሲሰጥ መታየቱ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ዕቃ ብቻ አይደለም የሚጥለው፤ ዋጋውን ሳይመዝን ገንዘቡን ይጥላል። ዋጋውን ሊነግረው የሚገባውም ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ራሱ አያውቀውም።

የስጋጃው አሠራርና የድካሙ ልክ

የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚታወቀው አሠራሩ ሲታወቅ ነው። በእጅ የሚቋጠር ስጋጃ ሲሠራ በመጀመሪያ ድሩ በሽመናው ዕቃ ላይ ተወጥሮ ይሰናዳል። ከዚያም ሠራተኛው ባለቀለሙን የሱፍ ክር እያንዳንዱን በሁለት የድር ክሮች ላይ እየቋጠረ ይቈርጠዋል። አንድ ረድፍ ቋጠሮ ሲሞላ ማጉ ያልፍበታል፤ ማጉም በከባድ ማበጠሪያ ተመትቶ ይጠብቃል። ቋጠሮው በዓለም ገበያ በሁለት ዐይነት ይታወቃል። አንደኛው ሁለቱንም የድር ክሮች አጥብቆ የሚይዘው የቱርክ ቋጠሮ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንዱን ክር ዙሮ በሌላው ሥር የሚያልፈው የፋርስ ቋጠሮ ነው። ከዚህ ሌላ ቋጠሮ የሌለው፣ ድርና ማጉ ብቻ ተጠላልፈው ሥዕሉን የሚያወጡት ኪሊም የሚባል ምንጣፍ አለ።

የድካሙን ልክ በሒሳብ መገመት ይቻላል። በአንድ ሜትር ካሬ ውስጥ 200,000 ቋጠሮ ያለው፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ስጋጃ ቢታሰብ፣ ጠቅላላ ቋጠሮው 1,200,000 ይሆናል። የሠለጠነ ሠራተኛ በቀን 8,000 ቋጠሮ ቢቋጥር፣ አንዱን ስጋጃ ለመፈጸም 150 የሥራ ቀን ያስፈልገዋል ማለት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራም ግማሽ ዓመት ገደማ ይፈጃል። በዚህ ላይ በጉን ለመሸለት፣ ሱፉን ለማጠብና ለመንደፍ፣ ክሩን ለመፍተልና ለማቅለም የጠፋው ጊዜ አልታሰበም። እንዲህ ያለውን ዕቃ በኪሎ ወይም በሜትር መዝኖ መሸጥ፣ መጽሐፍን በወረቀቱ ክብደት እንደ መሸጥ ያለ ነገር ነው።

ጥበቡም የትናንት አይደለም። ሩዴንኮ የተባለው የሩሲያ የአርኪኦሎጂ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 በአልታይ ተራሮች በፓዚሪክ ሸለቆ ከአንድ በበረዶ ከተሞላ መቃብር ውስጥ ያገኘው ስጋጃ ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ወርዱና ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቋጠሮ አለው፤ የፈረሰኞቹና የአጋዘኖቹ ሥዕልም እስከ ዛሬ ይታያል። አሁን የሚገኘው በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ነው። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ያለው የአርደቢል ስጋጃ ደግሞ በራሱ ላይ የተሠራበት ዘመን ተጽፎበታል፤ ይኸውም በእስላም አቆጣጠር 946፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1539–40 ነው። ቁመቱ ከ10 ሜትር፣ ወርዱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን ቋጠሮው ከ25 ሚሊዮን ያላነሰ ነው። ቤተ መዘክሩ በ1893 በ2,000 ፓውንድ ሲገዛው ለአሮጌ ምንጣፍ እጅግ የበዛ ገንዘብ ነበር። ለግዢው ድጋፍ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ዊልያም ሞሪስ የተባለው ዝነኛ የጌጥ ሥራ ባለሞያ ነበር። በ2013 አንድ የ17ኛው ምዕተ ዓመት የፋርስ ስጋጃ በኒውዮርክ ጨረታ ከ33 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር በላይ ማውጣቱን ያስታወሰ ሰው፣ በ1893 የተከፈለው ገንዘብ የባከነ አልነበረም ብሎ ሊፈርድ ይችላል።

እርግጥ ነው፤ በየቤቱ የሚገኘው አሮጌ ስጋጃ ሁሉ ሚሊዮን ያወጣል ማለት አይደለም። እንዲህ ብሎ ደንበኛውን የሚያስጎመጅ ነጋዴ ቢኖር ዋሾ ነው። የብዙው ስጋጃ ዋጋ መጠነኛ ነው። ጥቅሙም ተሸጦ ከሚያስገኘው ትርፍ ይልቅ በቤት ውስጥ ሲኖር በሚሰጠው ምቾትና ውበት ላይ ይመዘናል።

ለቤት የሚሰጠው ውበት

አሮጌ የእጅ ሥራ ስጋጃ ዐይንን የሚስበው በምን ምክንያት ነው? አንደኛው ምክንያት ቀለሙ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1856 ድረስ፣ ፐርኪን የተባለው ወጣት እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም እስካገኘበት ጊዜ፣ በዓለም ላይ ክር የሚቀለመው ከሥር፣ ከቅጠል፣ ከልጣጭና ከነፍሳት በሚገኝ ቀለም ነበር። ከዚያ ወዲህ በ1868 የቀዩን ሥር ቀለም በኬሚስትሪ መሥራት ተቻለ፤ በ1897ም ሰው ሠራሽ ኢንዲጎ በጀርመን ለገበያ ቀረበ። ቀደምት ሰው ሠራሽ ቀለሞች ብዙዎቹ በፀሐይ የሚደበዝዙና በውኃ የሚለቁ ስለ ነበሩ፣ የፋርስ መንግሥት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በስጋጃ ሥራ ላይ እንዳይውሉ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። በዛሬው ዘመን የተሠሩት ጥሩ የክሮም ቀለሞች ከዚህ ነውር የጸዱ ናቸው። ቢሆንም የተፈጥሮ ቀለም በዘመን ብዛት እየለዘበ ሲሄድ የሚይዘውን ጸጥ ያለ መልክ በአንድ ቀን ሊያስገኝ የቻለ ፋብሪካ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት እጅ የነካው መሆኑ ነው። ሠራተኛው አንድ ጊዜ ያቀለመው ክር ሲያልቅበት ሌላ ያቀልማል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ልክ አንድ ስለማይሆን በስጋጃው ላይ በስሱ የሚለያይ የቀለም መስመር ይታያል። በአንዱ ጥግ ያለው አበባ ከሌላው ጥግ በጥቂቱ ይሰፋል ወይም ይጠባል። በፋብሪካ ዕቃ ላይ እንደ ጕድለት የሚቈጠረው ይህ ነገር በእጅ ሥራ ላይ የሠራተኛው ፊርማ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ ዕቃው ቀጥ ያለ መስመር ባለው በዛሬው ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ስጋጃ አንድ ብቻ ቢነጠፍ ክፍሉ በሙሉ መልክ ያገኛል።

ሦስተኛው ምክንያት ሱፉ ራሱ ነው። የበግ ጠጕር በተፈጥሮው ቅባት ስላለው ቆሻሻን ቶሎ አይመጥጥም፤ ሲረገጥ ተኝቶ መልሶ ይነሣል፤ እሳትም ቶሎ አይይዘውም። በደጋው አገር ማለዳ ከአልጋ ሲወረድ በባዶ እግር የሚረገጠው ሱፍ ከፕላስቲክ ክር ጋር ያለውን ልዩነት ማንም ሳይነግረው እግር ራሱ ያውቀዋል።

አነጣጠፉም ብልሃት ይፈልጋል። በእንግዳ ክፍል ውስጥ የሶፋዎቹ የፊት እግሮች በስጋጃው ጠርዝ ላይ ቢያርፉ ዕቃዎቹ በአንድነት የተሰበሰቡ ይመስላሉ። ከግድግዳው እስከ ስጋጃው ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ባዶ ወለል ቢተው ክፍሉ ሰፊ ሆኖ ይታያል። በምግብ ጠረጴዛ ሥር የሚነጠፈው ወንበር ወደ ኋላ ሲሳብ እግሩ ከስጋጃው እንዳይወጣ ከጠረጴዛው ዙሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚተርፍ ሊሆን ይገባል። ጠጕሩ ያለቀ ወይም የተቀደደ ቢሆንም ጤነኛው ክፍል ተቈርጦ ለትራስ ልብስ ይሆናል። በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ግን በምስማር መውጋት ስጋጃውን ይገድለዋልና፣ በጀርባው የጨርቅ መያዣ ተሰፍቶለት በዘንግ ይሰቀል።

የመንዝ ሱፍና የደብረ ብርሃን ስጋጃ

ስለ ስጋጃ ሲነገር የፋርስና የቱርክ ስም ብቻ መጠራቱ ትክክል አይደለም። በሰሜን ሸዋ በብርዳማው የመንዝ ደጋ የሚረባው በግ ረዥምና ሻካራ ጠጕር ያለው ነው። የአካባቢው ሴቶች ይህን ጠጕር በእንዝርት እየፈተሉ፣ ወንዶቹ እየሸመኑ፣ ለመኝታ የሚሆነውን ባናና ከብርድ የሚከላከለውን በርኖስ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትና ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የደብረ ብርሃን ከተማም በሱፍ ስጋጃዋ የታወቀች ናት። የዚህ ስጋጃ ልዩ ውበት በበጉ የተፈጥሮ መልክ ላይ መመሥረቱ ነው። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ቡናማውና ግራጫው ሱፍ ሳይቀለም እንዳለ ተሠርቶ ሥዕሉን ያወጣል። ቀለም ያልነካው ክር ቀለም ይለቃል ተብሎ አይፈራም። ይህ ለነጋዴ ትልቅ የማስታወቂያ ቃል ነው፤ ነገር ግን በሱቅ ውስጥ ሲነገር የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ከዐሥርተ ዓመታት በፊት የተገዛ የደብረ ብርሃን ስጋጃ ዛሬም በአያሌ የአዲስ አበባ ቤቶች ይገኛል። ሥራው ከፋርሱ ጋር ሲወዳደር ክሩ ወፍራም፣ ቋጠሮውም ሳሳ ያለ ነው። ይህ ግን ጕድለት አይደለም። የሞሮኮ ተራሮች የበኒ ዋራይን ጎሣ ሴቶች የሚሠሩት ስጋጃም እንዲሁ ወፍራምና ያልተቀለመ ሱፍ የበዛበት ሲሆን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የቤት ጌጥ ነጋዴዎች ዘንድ ከፍ ያለ ተፈላጊነት አግኝቷል። ልዩነቱ የሞሮኮው ነጋዴ ዕቃውን ከነታሪኩ መሸጡ ነው።

የሚቀርቡት ተቃውሞዎች

አሮጌ ስጋጃን መግዛት የሚነቅፉ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ አሮጌ ዕቃ የድህነት ምልክት ነው የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ በሐር ልብስና በጥልፍ ቀሚስ ላይ የማይሠራ ነው። እናት ለልጇ ያወረሰችው የጥበብ ቀሚስ በማርጀቱ የሚያፍር የለም፤ ይልቁንም በሠርግ ቀን ይለበሳል። ስጋጃም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋጋው ውድነት ነው። ለዚህ መልሱ ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የፕላስቲክ ክር ምንጣፍ በ6,000 ብር ተገዝቶ በአራት ዓመት ቢያልቅ፣ ባለቤቱ በዓመት 1,500 ብር ከፍሏል። አንድ የሱፍ የእጅ ሥራ ስጋጃ በ40,000 ብር ተገዝቶ 40 ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ወጪ 1,000 ብር ብቻ ነው፤ በመጨረሻም የሚሸጥ ወይም የሚወረስ ነገር ይተርፋል። ቁጥሮቹ እንደ ገበያው ቢለዋወጡም የሒሳቡ መንገድ አይለወጥም። እርግጥ 40,000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። በዚህ ላይ ነጋዴው በየወሩ የሚከፈል ውል ቢያዘጋጅ ለገዢውም ለራሱም ይጠቅማል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ፣ አሮጌው በተሸጠ ቁጥር አዲስ የሚሠራው ሸማኔ ገበያ ያጣል የሚለው ነው። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ያለበት ነውና። ነገር ግን የሌላው አገር ልምድ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። በቱርክ አገር ሃራልድ በመር የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ መምህር በአሮጌ ስጋጃዎች ላይ ያሉትን ቀለሞች መርምሮ ከየትኛው ተክል እንደ ተገኙ ካወቀ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዶባግ የተባለው ሥራ በአይቫጅክ አካባቢ ተመሠረተ። የመንደሮቹ ሰዎች የተረሳውን የተፈጥሮ ቀለም አሠራር እንደገና ተምረው በኅብረት ማኅበር ተደራጁ፤ ሴቶቹ የሠሩት አዲስ ስጋጃም በውጭ አገር ቤተ መዘክሮችና ሱቆች ተገዛ። አሮጌው ስጋጃ እዚያ አዲሱን አልገደለም፤ አስተማሪ ሆነው እንጂ። ገዢው አሮጌውን አይቶ ዐይኑ ካልተለማመደ፣ አዲሱን የእጅ ሥራ ከፋብሪካው ለይቶ ተገቢውን ዋጋ አይከፍልም። እንግዲያው አሮጌ ስጋጃ የሚያከብር ደንበኛ ነገ ለደብረ ብርሃኑ ሸማኔ አዲስ ሥራ የሚያዝ ደንበኛ ነው።

መታመን የንግዱ መሠረት ስለ መሆኑ

ይህ ንግድ የሚቆመውም የሚወድቀውም በመታመን ነው። ገዢው የሚከፍለው ለማያየው ነገር፣ ማለት ለዕድሜውና ለሠራው እጅ ነውና። አዲሱን ስጋጃ በፀሐይ አድርቆ፣ በኬሚካል አጥቦ ወይም በሻይ ነክሮ አሮጌ ማስመሰል በየአገሩ የታወቀ ተንኮል ነው። አንድ ነጋዴ በዚህ ተንኮል አንድ ጊዜ ሊያተርፍ ይችል ይሆናል። የተታለለው ደንበኛ ግን የሚሸሸው እርሱን ብቻ ሳይሆን የስጋጃ ነጋዴውን ሁሉ ነው።

ስለዚህ ሻጩ ከእያንዳንዱ ስጋጃ ጋር አንድ የጽሑፍ ማረጋገጫ ቢሰጥ ይገባል። በዚህም ላይ የተሠራበት አገር ወይም ወረዳ፣ ድሩ ከጥጥ ወይም ከሱፍ መሆኑ፣ ግምት ዕድሜው፣ ልኩ፣ የተጠገነበት ቦታና የቀለሙ ዐይነት ይጻፍ። ያልታወቀው ነገር «አልታወቀም» ተብሎ ቢጻፍ ዋጋውን አይቀንሰውም፤ የሻጩን ክብር ይጨምረዋል እንጂ። በቃላቱም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ የዕቃዎች አመዳደብ በቁጥር 97.06 ጥንታዊ ዕቃ ተብሎ የሚመደበው ዕድሜው ከ100 ዓመት የሚበልጠው ነው። በእጅ የተቋጠረ ስጋጃ ደግሞ በ57.01 ሥር ይመደባል። የሠላሳ ወይም የዐምሳ ዓመት ዕቃ ያለው ነጋዴ «አሮጌ» ይበለው እንጂ «ጥንታዊ» አይበለው።

ገዢውም ራሱን እንዲጠብቅ ጥቂት የፍተሻ መንገዶች አሉት። ስጋጃውን ገልብጦ ጀርባውን ይመልከት፤ በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ሥዕሉ በጀርባውም ጎልቶ ይታያል፣ ቋጠሮዎቹም ፍጹም እኩል አይሆኑም። ጀርባው በሙጫ በተለጠፈ ጨርቅ ከተሸፈነ ግን ቋጠሮ የለውም ማለት ነው። ዘርፉን ይመርምር፤ የእውነተኛው ስጋጃ ዘርፍ የድሩ ክር ቅጥያ ሲሆን፣ የፋብሪካው ብዙውን ጊዜ ኋላ የተሰፋ ነው። ከጠርዙ የወጣች አንዲት ክር በባለቤቱ ፈቃድ ቢያቃጥል፣ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። የፕላስቲክ ክር ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥቦ ቢያሽበት፣ ቀለሙ የሚለቅ እንደ ሆነ ወዲያውኑ ያውቃል።

ሕግንና ሕሊናን ማክበርም የዚሁ መታመን ክፍል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከታሪካዊ ቤት የወጣ ምንጣፍ የሚገዛ ነጋዴ የዕቃውን ምንጭ ሳይጠይቅና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ሳያማክር ወደ ውጭ ለመላክ ቢነሣ ራሱን ለክስ ያጋልጣል። የውጭ ፖለቲካም ይህን ገበያ እንደሚነካ መዘንጋት አይገባም። የኢራን ስጋጃ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ በ1987 ተከልክሎ፣ በ2000 ተፈቅዶ፣ በ2010 እንደገና ተከልክሎ፣ በ2016 ተከፍቶ በ2018 ደግሞ ተዘግቷል፤ እነዚህ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በአንድ አገር ዕቃና በአንድ አገር ገበያ ብቻ የተማመነ ነጋዴ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ ይማራል። በሌላ በኩል የሕፃናት ጉልበት በስጋጃ ሥራ እንዳይበዘበዝ በ1994 ረግማርክ የተባለ የምስክር ምልክት በሕንድ ተጀምሯል። ምልክቱም ኋላ ጉድዊቭ ተብሏል። ለዚህ ሥራ የደከሙት ካይላሽ ሳትያርቲም በ2014 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል። ስለዚህ የውጭ ገዢ ዛሬ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ማን ሠራው?» ብሎም ነው።

ስለ አጠባበቁ ጥቂት ቃል

ስጋጃን ሸጦ አጠባበቁን አለመንገር ሥራን በጅምር እንደ መተው ነው። የፀሐይ ብርሃን ቀለምን እንደሚጎዳ የሚያስረዳ ታላቅ ምሳሌ አለ፤ የአርደቢል ስጋጃ በተቀመጠበት ክፍል መብራቱ የሚበራው በየግማሽ ሰዓቱ ለዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ይህን ያህል መጠንቀቅ ባይቻልም፣ ስጋጃውን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማዞር ብርሃኑና እርምጃው በአንድ ወገን ብቻ እንዳይበዛበት ያደርጋል። ብል የሚወደው ጨለማና የማይነካ ቦታ ነውና፣ በሶፋና በአልጋ ሥር ያለው ክፍል በየጊዜው ይገለጥ፤ ጀርባውም ይጠረግ። ቡና የፈሰሰበት እንደ ሆነ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይመጠጥና በቀዝቃዛ ውኃ ይለቅለቅ እንጂ አይታሽ። የቡናው ምድጃና የዕጣኑ ማጨሻ ከስጋጃው ወጥተው ቄጠማው በተጎዘጎዘበት ባዶ ወለል ላይ ቢቀመጡ፣ ከፍም የፍንጣሪ አደጋ ይድናል፤ ቄጠማውም ስጋጃውም እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ። የማይነጠፍበት ጊዜ ቢኖር ይጠቅለል እንጂ አይታጠፍ፤ በፕላስቲክም ሳይሆን አየር በሚያሳልፍ በጥጥ ጨርቅ ይሸፈን።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። የምንጣፍ ነጋዴዎች ከሱቃቸው አንድ ጥግ ለአሮጌና ለአዲስ የእጅ ሥራ ስጋጃ ቢለዩ፣ አሮጌውን ገዝተው አጽድተውና አስጠግነው ማረጋገጫ ይዘው ቢሸጡ፣ አዲስ የንግድ መስክ ይከፈትላቸዋል። ጥገናው ራሱ ለሠለጠነ እጅ እንጀራ ይሆናል። ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎችም ከሩቅ አገር የመጣውን እንግዳ በአገሩ ሱቅ በሚያውቀው የፋብሪካ ምንጣፍ ከመቀበል ይልቅ፣ በመንዝ ሱፍ ስጋጃ ቢቀበሉት ትዝታው አብሮት ይሄዳል፤ ምናልባትም አንዱን ገዝቶ ይወስዳል። በንግድ ምክር ቤት ውስጥ የተሰባሰቡት የዘርፉ ነጋዴዎች ተመካክረው አንድ ዐይነት የማረጋገጫ ቅጽና የደረጃ አመዳደብ ቢያወጡ፣ ገዢው የሚተማመንበት፣ አታላዩም የሚያፍርበት መለኪያ ይኖራል።

ይህ ሳይሆን ቢቀር ግን ውጤቱ ከወዲሁ የሚታወቅ ነው። ፈታዮቹ እንዝርታቸውን ያስቀምጣሉ፤ ሸማኔዎቹም ልጆቻቸውን ሌላ ሥራ ያስተምራሉ። ከዐሥርተ ዓመታት በኋላ የደብረ ብርሃን ስጋጃ የሚፈለገው በቤተ መዘክር መስተዋት ውስጥ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ የቱንም ያህል ቢበዛ ለሠሪው አይደርስም። ዛሬ ግን ሠሪው በሕይወት አለ፤ አሮጌው ሥራውም በየቤቱ ጥግ ተጠቅልሎ ይገኛል። ሁለቱንም ከገዢው ጋር የማገናኘት ተግባር የነጋዴው ነው።